የመምህር ሀብተ ሥላሴ ጫማ

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ጀልባ ነጂው መስዑድ ዐሥራ አንድ መንገደኞች ከዘጌ ጭኖ ሲመለስ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው የደብሩ የእንግዳ ማረፊያ ፊት ለፊት ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አየ። ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ። ሟቹ መምህር ሀብተ ሥላሴ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሉባባ ሰላሁዲን ስትደርስ ሬሳው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ነጠላ ለብሷል። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ውኃው ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቁር የቆዳ ጫማቸው ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ውስጡ ገብተዋል።

«እግራቸውን ሲታጠቡ አዳልጧቸው ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ሉባባ ጫማውን ደግማ አየችና ወደ ማረፊያው ገባች። መምህሩ የሚኖሩበት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነበረው። ግድግዳው ላይ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሴትየዋ ካረፉ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ስልካቸው አልጋው ላይ ነበር። በዕለቱ የደወሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከዐሥር፣ ለአንዲት የይፋግ ሴት።

መምህሩ የደብሩን ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመሩ ነበር። ማክሰኞ ሦስት ወጣቶች ይዘው ወደ ዮርዳኖስ ሊበሩ ነበር። በዐማን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያትን ለሁለት ሳምንት በመዝሙርና በትምህርት ሊያገለግሉ ተዘጋጅተዋል። ሦስቱም ለዝግጅቱ በዚሁ ማረፊያ ሰንብተዋል።

ሉባባ መጀመሪያ ያነጋገረችው ኃይለ ገብርኤልን ነው፤ ዲያቆንና ከበሮ መቺ። ትናንት ከመምህሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«ከበሮውን በአውሮፕላን አንወስድም አሉኝ። ያለ ከበሮ ምን መዝሙር አለ ብዬ ጮኽሁባቸው። ዛሬ ጠዋት ግን ታረቅን» አለ። «ቆረቡ እኮ። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ቆርበው አያውቁም ነበር። ጽዋውን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ።»

«ከቅዳሴ በኋላስ የት ነበርህ?»

«ብቻዬን ወደ ገበያ ሄድሁ። የሚመሰክርልኝ የለም።»

ሁለተኛዋ ማኅሌት ነበረች፤ የመዝሙር መሪዋ።

«ሲቆርቡ ከሴቶች በኩል ሆኜ አየሁና አለቀስሁ» አለች። «ሲወጡ "ዛሬ አንድ ከባድ ነገር አለብኝ፤ እሱን ለመሸከም ነው የቆረብሁ" አሉኝ። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔ ልብስ ላመጣ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤታችን ሄድሁ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።»

ሦስተኛው ፍሬ ስብሐት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የቡድኑን ወረቀት ሁሉ የሚይዝ ዝምተኛ ልጅ። እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ለሥራ ወደ ዐማን ሄዳ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድምፅዋ ጠፋ።

«ከማለዳ ጀምሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበርሁ። ቅዳሴም አልደረስሁ። መምህሩን ከትናንት ማታ ወዲህ አላየኋቸውም፤ በስልክም አላወራንም» አለ።

«ነገ ብፈልግህ የት አገኝሃለሁ?»

«እዚሁ ነኝ። አክስቴ ከይፋግ ትመጣለች።»

ሉባባ ቀና ብላ አየችውና ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ ውጭ ወጥታ፣ ለብቻዋ፣ በመምህሩ ስልክ ላይ ወዳለው የይፋግ ቁጥር ደወለች።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በማረፊያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሦስቱ ወጣቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። መስዑድ በሩ አጠገብ ቆመ። የፍሬ ስብሐት አክስት እትዬ የብርጓል ሌሊት ተነሥተው ከይፋግ በመጀመሪያው መኪና ነበር የመጡት፤ ጥግ ይዘው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«መምህሩ እግራቸውን ሲታጠቡ አልሞቱም» አለች ሉባባ። «እኔ የሰላሁዲን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነኝ፤ እስላም ነኝ። ግን ጎረቤታችን በቆረቡ ቀን ዕቃቸውን የማጥብላቸው እኔ ነበርሁ። የቆረበ ሰው ያን ቀን ገላውን አይታጠብም፤ በባዶ እግሩም አይሄድም። ዐሥራ አንድ ዓመት ርቀው የቆረቡ ሰው፣ ቤታቸው በደረሱ በሰዓቱ ጫማ አውልቀው ሐይቅ ይገባሉ?»

ማኅሌት «አይገቡም» አለች ቀስ ብላ።

«ስለዚህ አደጋ እንዲመስል ጫማውን ያወለቀው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም መቁረባቸውን ያላወቀ ሰው። ኃይለ ገብርኤል ጽዋውን ይዞ ነበር። ማኅሌት በዓይኗ አይታለች። ሁለቱም ይህን አያደርጉትም። መስዑድም ሐይቁ ላይ ነበር፤ መንገደኞቹ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አብሯቸው እንደነበር መስክረዋል። ቅዳሴ ያልነበረ፣ ማንም ያላየው አንድ ሰው ቀረ።»

ፍሬ ስብሐት «ፎቶ ኮፒ ቤት ነበርሁ ብያለሁ» አለ።

«ጠየቅናቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተሃል። እትዬ የብርጓል፣ መምህሩ ትናንት ምን አሉዎት?»

«ነገ በጧት ድረሽ አሉኝ» አሉ አክስት። «ለልጁም ለማንም እንዳትነግሪ አሉኝ። ለማንም አልነገርሁም።»

«ፍሬ ስብሐት፣ ታዲያ የአክስትህን መምጣት ማን ነገረህ? የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አክስትህ ካልነገሩህ የነገሩህ መምህሩ ናቸው፤ ከአራት ሰዓት ከዐሥር በኋላ። ከቅዳሜ ማታ ወዲህ አላየኋቸውም ያልኸኝ ሐሰት ነው።»

ፍሬ ስብሐት ዓይኑን ከአክስቱ ላይ አነሣና ተናገረ።

«አትሄድም አሉኝ። ድንጋዩ ላይ ቆመን ነበር። ለምን ስላቸው ነገ አክስትህ ትመጣለች፣ ያኔ እንነጋገራለን አሉ። ዐማን ቀርቼ እናቴን እፈልጋለሁ ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ነግሬ ነበር፤ ያ ደርሷቸው ሊያስቀሩኝ መሰለኝ። አክስቴንም እንድታስረኝ የጠሯት መሰለኝ። ገፈተርኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጭንቅላታቸው ድንጋዩን መታ፣ ከዚያ ውኃው ውስጥ ተንከባለሉ። የሞቱ መሰለኝ።»

«አልሞቱም ነበር» አለች ሉባባ። «ሐኪሙ ሳንባቸው ውስጥ ውኃ አግኝቷል። ጫማቸውን ለማውለቅ የፈጀብህ ጊዜ አንገታቸውን ቀና ለማድረግ ይበቃ ነበር።»

ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከእጆቹ ሥር «ለምን እንደማልሄድ ቢነግሩኝ ኖሮ!» ሲል ተሰማ።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ሉባባ በእጇ አስቆመችው። ትናንት በስልክ ሁሉንም ሰምታለች፤ ይህን የሚናገረው ግን ዘመድ እንጂ ፖሊስ አይደለም። ወደ እትዬ የብርጓል ተመለከተች።

አሮጊቷ ተነሥተው ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ትከሻውን ያዙት።

«ልጄ፣ ሊነግሩህማ ነበር። መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም ብለው ነው እኔን የጠሩኝ። እናትህ አርፋለች። አራት ዓመቷ ነው። የዐማን ሰዎች ባለፈው ሳምንት ነገሯቸው። ሰው አገር ደርሰህ ከማታውቀው አፍ እንዳትሰማ ብለው ነው ያስቀሩህ።»

የፍሬ ስብሐት ጩኸት እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ተሰማ። ኃይለ ገብርኤል ተነሥቶ ሊያቅፈው ፈለገና መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ የመምህሩ ሬሳ ገና አልተቀበረም። ልጁን ይዘው ያለቀሱት አክስቱ ብቻ ነበሩ።

ማኅሌትና ኃይለ ገብርኤል ከቀብሩ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ዐማን በረሩ። ከዐሥር ቀን በኋላ ማኅሌት ለሉባባ አንድ ፎቶግራፍና የድምፅ መልእክት ላከችላት። ሉባባ የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ቤቷም የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ወደ ማረሚያ ቤት ሄደች።

ፍሬ ስብሐት ፎቶግራፉን ብዙ አየው። ድንጋያማ መሬት ላይ ያለ መቃብር ነበር፤ የእናቱ ስም በአማርኛ በቀለም ተጽፎበታል።

«ማን ቀበራት?» አለ።

«ስድስት ሴቶች። አራቱ አያውቋትም ነበር፤ የአገራቸው ሰው መሆኗን ሰምተው ነው የመጡት። አንዷ ከአሠሪዎቿ ሳታስፈቅድ ወጥታ ከሥራ ተባራለች።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ሲና።»

ልጁ ስሙን ደግሞ ደግሞ ጠራው። ከዚያ፣ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ እንድትሰጠው ለመናት።