ስም ያልተጻፈበት ሥዕል

ጣሊያን ጎጃም በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሠዓሊ አካለ ወልድ አምበር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለችው ጎጆው ውስጥ በገዛ ቀለም መፍጫ ድንጋዩ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የአካባቢው የጣሊያን አዛዥ ካፒቴን ሪናልዲ ወዲያው ተማሪውን ፍቅረ ሥላሴን አስሮ በማግስቱ እንዲሰቀል አዘዘ። ባለጠመንጃ ሲፈርድ እንዲህ ነው፤ ፍርዱ ይቀድማል፣ ምርመራው ይከተላል።

የሟቹ ሚስት ማንጠግቦሽ ግራዝማች ባዘዘው ከተባሉ ሽማግሌ እግር ላይ ወደቀች። ግራዝማች ከወረራው በፊት የአገሩን አውጫጭኝ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ወንጀል የሚያጣራበትን ሸንጎ፣ እየመሩ ስንቱን ወንጀለኛ ያጋለጡ ናቸው።

«ፍቅረ ሥላሴ እንደ ልጄ ያሳደግሁት ነው፣ አልገደለም! ያን ቀን ጎጆው የገቡት እሱ፣ አስተርጓሚው እንዳላማውና ካፒቴኑ ብቻ ናቸው።»

ግራዝማች መጀመሪያ እስረኛውን ጠየቁ።

«ጧት የኔታህ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ በወረቀት የገለበጡትን የጊዮርጊስን ሰማዕትነት ጎጆአቸው ውስጥ ይጨርሱ ነበር። ካፒቴኑ ‹ሮማ ላለች ቤተ ክርስቲያን ነው› ብሏቸው። ቀይ አፈር ልቆፍር ስወጣ የከሓዲው ንጉሥ የዱድያኖስ ፊት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ስመለስ የኔታ ሞተዋል፣ ወረቀቱም የለም።»

ቀጥሎ የተጠየቀው እንዳላማው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግራዝማች። ካፒቴኑ ሥዕሉን በራሱ ስም ሊያሳትመው መሆኑን፣ ሌላ ሰው እንዳይገለብጠው የሚከለክል ወረቀትም ማስጻፉን ለአካለ ወልድ ነገርኩት። ‹እኔ ከመምህሬ ገለበጥሁ፣ መምህሬም ከመምህሩ። ተማሪዬን ሊከለክልብኝ ነው? አልጨርስለትም!› አለ። ትቼው ወጣሁ።»

ካፒቴኑ ግራዝማችን ቢሮው ተቀብሎ ያለቀውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ንግግሩን እንዳላማው ተረጎመው።

«የሠሪው ስም የለበትም። ስም የሌለው ነገር ባለቤት የለውም፣ ቀድሞ ያሳተመ ይወስደዋል። ሠዓሊውም ጨርሶ በገዛ እጁ ሰጥቶኛል።»

«ሠዓሊ ስሙን የማይጽፈው ሥዕሉ የሁላችን ስለሆነ ነው» አሉ ግራዝማች። «የሁላችን የሆነ እንዴት ለአንድ ሰው ይሆናል?»

መልስ ሳይጠብቁ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ዱድያኖስ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል።

ከሰዓት በኋላ አገሬው፣ እስረኛውና ካፒቴኑ ሳይቀሩ በቤተ ክርስቲያኑ በር ተሰበሰቡ። ግራዝማች ካፒቴኑ ይዞት የመጣውን ሥዕል አሳዩ።

«ይህን ፊት አካለ ወልድ አልሠራውም። በኛ ሥርዓት ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ከሓዲ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ይህ ንጉሥ ሁለት ዓይን አለው። ስለዚህ ሠዓሊው ሳይጨርስ ሞቷል። ታዲያ ማን ጨረሰው? ፍቅረ ሥላሴ አሥር ዓመት ተምሯል፣ አይስትም። እንዳላማው ዲያቆን ነበር፣ እሱም አይስትም። የቀረው አንድ ነው፤ በየገበያው ወረቀት ዘርግቶ ሲሥል የምናየው። ‹ጨርሶ በእጁ ሰጠኝ› ብሎ የዋሸውም እሱ ነው። ‹አልጨርስም› ያለውን ሠዓሊ ገድሎ፣ ሥዕሉን በፈቃድ የተሰጠው ለማስመሰል ራሱ ጨረሰው።»

እንዳላማው አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመ። በሕዝቡ መካከል ቆሜ የሰማሁት እኔ ለዚህ እንኳን አመሰግነዋለሁ።

ካፒቴኑ አልተቆጣም። ብሩሽ አስመጣና በሕዝቡ ፊት የዱድያኖስን ግማሽ ፊት ከነዓይኑ በጥቁር ቀለም ሸፈነው።

«አሁንስ ልክ ነው ወይ?» ብሎ አስጠየቀ።

ከዚያ ከሥዕሉ ግርጌ የራሱን ስም ጻፈ፤ ወታደሮቹም ፍቅረ ሥላሴን ሊሰቅሉት ጎትተው ወሰዱት።

ማንጠግቦሽ የግራዝማችን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች። «አወቁት አይደል? ሁሉም ሰማ አይደል? ታዲያ ልጄን ለምን ይወስዱታል?»

«ማወቁንማ አወቅነው፣ ልጄ» አሏት።