ሰማያዊ ክር ያለው ገመድ

«ባለ ካርቦኑን ነው ባለ መዳቡን?»

አማል ጥያቄው ለእሷ መሆኑን ያወቀችው ጓደኛዋ ማሂ በክርኗ ጎሰም ስታደርጋት ነው።

«ምን?» አለች።

«የካንዴላ ገመዱን ነዋ፣ የኔ ልጅ። ሁለት ዓይነት አለ። የትኛውን ልስጥሽ?»

ያሉት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቋ እትዬ ዕፀገነት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልስ ይጠብቃሉ። አማል በእጇ የያዘችውን ፌስታል ባንኮኒው ላይ አኖረች። አጎቷ ሳኒ መካኒክ ነው፤ ጠዋት ከአባቷ መኪና የነቀላቸውን አሮጌ ገመዶች በፌስታል አድርጎ ሲሰጣት፣ «በቁመት ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰል አዲስ ይስጡኝ በያቸው። አንዱ የለም፤ ማን ፈትቶ እንደወሰደው እንጃ» ብቻ ነው ያላት። ስለ ካርቦንና ስለ መዳብ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችው ማሂ ናት። ሰሞኑን ለአማል የምትናገርላት እሷ ሆናለች።

«መዳቡ ጠንካራ ነው፤ ዕድሜ አለው። ግን ሬዲዮ ይረብሻል። ነዳጅ በሰጠሽ ቁጥር ሬዲዮው አብሮ ይጮሃል። ካርቦኑ ጸጥ ያለ ነው፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ።»

አማል ሬዲዮ የሚለውን ቃል ሰማችና ዓይኗን ከባንኮኒው ላይ አነሳች። መልሳ ደግሞ ጣለችው።

አባቷ አብዱራህማን ከሞተ አምስት ወር ሆነው። ነጯ ኮሮላው፣ ዕድሜዋ ከአማል እናት የሚበልጠው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት እናቷ ሳዲያ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል፣ «እስከ እሑድ ከተነሳች እኔው እነዳታለሁ። መንጃ ፈቃዴን መሳቢያ ውስጥ አይጥ እስኪበላው አልጠብቅም። ካልተነሳች ግን ሰኞ ሳኒ ያመጣው ገዢ ይውሰዳት» አለች። ከዚያ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለእኔ ያው ነው» አለች አማል።

እውነቷን ነበር። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ፈተና ትፈተናለች፤ ውስጧ ግን ምንም የለም። በለቅሶው ቀን ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሷ የምንጣፉን አበቦች ስትቆጥር ነው የዋለችው። ዘመድ ጎረቤቱ «ጠንካራ ልጅ» እያለ አደነቃት። ጥንካሬ እንዳልሆነ ግን ታውቀዋለች። ተጣጥፎ የቆየ እግር እንደሚደነዝዘው ያለ ነገር ነው፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማም።

እትዬ ዕፀገነት ፌስታሉን ራሳቸው ፈቱት። አራት ጥቁር ገመዶች ወጡ፤ ሦስቱ የካንዴላ፣ አንዱ ከኮይሉ የሚመጣው። በእያንዳንዳቸው ጫፍ የልብስ ስፌት ክር ተጠምጥሟል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ።

ክሩ የአባቷ ዘዴ ነው። ለሞተሩ እሳት የሚያደርሱት የካንዴላ ገመዶች ቦታቸው ከተቀያየረ ሞተሩ ያስነጥሳል እንጂ አይነሳም። ስለዚህ ከእናቷ የስፌት ሣጥን ክር እያመጣ ለየገመዱ አንድ አንድ ቀለም ይሰጥ ነበር። ቋጠሮውን የምትቋጥረው አማል ናት። ሦስተኛ ክፍል ሳለች የቋጠረቻቸው ናቸው፤ ዘይት ጠጥተው እንኳ አልተፈቱም።

እትዬ ዕፀገነት መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ይሄን ክር አውቀዋለሁ።»

ወደ ኋላቸው ዞሩ። ግድግዳው ላይ በረድፍ ምስማር ተመትቷል፤ በየምስማሩ አሮጌ ዕቃ ተንጠልጥሏል። ደንበኛ የሚፈልገው ከሌለ አሮጌውን ለናሙና ትቶ ይሄዳል፤ ባለሱቋም ስሙን በቁራጭ ካርቶን ጽፈው ይሰቅሉለታል። ከታችኛው ረድፍ አንድ አቧራ የጠጣ ገመድ አውርደው ከአራቱ ጎን አስቀመጡት። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። ካርቶኑ ላይ፣ «አብዱራህማን፣ ካርቦን» ይላል።

አጎቷ ማን እንደወሰደው ያላወቀው አምስተኛው ገመድ ነው።

«አንዱን እዚህ ትቶልኝ በሦስት ካንዴላ እያንገጫገጨ ሄደ» አሉ እትዬ ዕፀገነት ፈገግ ብለው። «‹ደህና ገመድ እያለህ ሌላ ምን ያደርግልሃል?› ብለው፣ ‹ሬዲዮው ልጄን ያሳፍራታል፣ ጸጥ ያለውን ፈልጊልኝ› አለኝ። ካርቦኑ በሳምንቱ ገባ። እሱ ግን በዚያው ቀረ። ምነው፣ መኪናዋን ሸጣት እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አማል ስለራሷ የተባለውን ከአምስት ወር በኋላ፣ በመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሰማችው።

«አባቴ ነው» አለች። «ሞቷል።»

እትዬ ዕፀገነት ደረታቸውን ያዙ። «ውይ በሞትኩት። አልሰማሁም እኮ። ያጽናችሁ፣ የኔ ልጅ።»

«አሜን» አለች አማል። ይህን አሜን ብዙ ጊዜ ከማለቷ የተነሳ አፏ ራሱ ይለዋል።

ማሂ ጫማዋን ትመለከታለች። አማል ለምን እንደሆነ ገብቷታል። አንድ ቀን ነጯ ኮሮላ ሬዲዮዋን እያስጮኸች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትቆም፣ ማሂ በተማሪው ሁሉ መካከል፣ «የበርበሬ ወፍጮው መጣ!» ብላ ነበር። ሁሉም ሳቀ። አማልም አብራ ሳቀች። ማታ ቤት ስትገባ ግን፣ «አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሜክሲኮ አደባባይ አውርደኝ። ከዚያ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው። አባቷ ምክንያቱን አልጠየቃትም። «እሺ» አለ ብቻ። ከዚያ በኋላ እስከታመመበት ቀን ድረስ ሜክሲኮ አደባባዩ አጠገብ ሲያወርዳት፣ ሳይናገር ሬዲዮውን ይዘጋው ነበር።

እትዬ ዕፀገነት ከመደርደሪያ ሁለት ፓኮ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አኖሩ። አንዱ ላይ የአባቷ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል።

«ይሄ እሱ ያዘዘው ካርቦን ነው። ለማንም አልሸጥኩትም። ይሄኛው መዳቡ ነው፤ እንደ ድሮው።»

«ካርቦኑን ውሰጂ በቃ» አለች ማሂ ቀስ ብላ። «እሱም የፈለገው ይሄን ነው። ደግሞ...» አቋረጠች። «ጀለሴ፣ ያን ቀን እኮ ሙድ ልይዝ ብዬ ነው። እንደዚህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔም ስቄያለሁ።»

አማል ስሙ የተጻፈበትን ፓኮ አነሳች። ቀላል ነው። አባቷ በሦስት ካንዴላ እየተንገጫገጨ ወደ ቤት የሄደው ለዚህ ነው። ብትወስደው ደስ ይለዋል፤ ሬዲዮው ጸጥ ይላል፤ የሚያሳፍራትም ነገር አይኖርም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ወጋ አደረጋት። የደነዘዘ እግር ደም ሲዘዋወርበት እንደሚወጋው ነው።

ፓኮውን መልሳ አስቀመጠችው።

«መዳቡን ይስጡኝ» አለች።

«ሬዲዮው ይጮሃል እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ይጩህ።»

እትዬ ዕፀገነት መዳቡን በፌስታል አደረጉላት። ሰማያዊ ክር ያለውን አሮጌ ገመድም አብረው ጨመሩበት።

እሑድ ረፋድ ላይ አጎቷ አዲሶቹን ገመዶች አንድ በአንድ ሲሰካ፣ አማል አጠገቡ ቆማ በየጫፋቸው ክር ቋጠረች። ሰማያዊውን ከአሮጌው ገመድ ላይ በጥርሷ ፈታችው። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። እናቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ሳኒ፣ ለሰውዬው ደውለህ አትሸጥም በለው» አለች።

ሰኞ ጠዋት እናቷ ከግቢው እስክትወጣ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋባት። ሦስተኛው ላይ አስፋልቱን ያዘች። ሬዲዮው ዜና ያወራል፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ግን ዜናውን የሚውጥ ቀጭን ጩኸት ሽቅብ ይወጣል። እናቷ እጇን ወደ ሬዲዮው ሰደደች።

«ተዪው፣ እማዬ» አለች አማል።

እናቷ እጇን መሪው ላይ መለሰች። የአማል ዓይን እየተቃጠለ ነበር፤ አልጠረገችውም። ማንም ጠንካራ እንዲላት አልፈለገችም።

ሜክሲኮ ሲደርሱ እናቷ ፍሬቻ አሳየችና ወደ ጥግ ያዘች። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀባቸው።

«እዚህ አይደል የምትወርጂው? አባትሽ እዚህ ነው የማወርዳት ይለኝ ነበር።»

አማል በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች። አባቷ የሚያቆምበት ቦታ ላይ ታክሲ ጠባቂዎች ተሰልፈዋል።

«አይ» አለች። «እስከ በሩ አድርሺኝ።»

እናቷ ፍሬቻውን አጠፋችና ነዳጅ ሰጠች። ሬዲዮው ጮኸ።