ባሕር እንዳይበላው ያስማሉት ልጅ

በፈረንሳይ ምዕራብ ጫፍ፣ በኡሳን ደሴት፣ የሶአዚግን ቤት ያህል ሐዘን የጠናበት ቤት አልነበረም። ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ባሕር በላባት፤ ሬሳቸውን እንኳ አልመለሰላትም። ስለዚህ የቀራትን አንድ ፍሬ፣ ኮራንታንን፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ፊቷ አቁማ፣ "ከባሕር ጋር ጉዳይ ቢኖርህ የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ" ብላ አስማለችው። ማለ። ከተማ ገብቶ የሞተር ሥራ ተማረ፤ ዕድሉ ሆኖ የአውሮፕላን መካኒክ ወጣው። በዚያ ዘመን አትላንቲክን በአየር ልሻገር ካሉት የተመለሱት ጥቂት ነበሩ። እሱም ከአብራሪው አለቃው ጋር ሊሻገር ተነሣ፤ ሊሰናበታት ሲመጣ ግን፣ "እማዬ፣ መሐላዬን አላፈረስኩም፤ በላዩ ነው የማልፈው፣ እግሬም አይርስም" ብሎ አሳቃት። ምን ትበል?

በግንቦት ወር፣ አንድ ማለዳ ላይ፣ አውሮፕላኑ ደሴቱን አልፎ ወደ ምዕራብ ሄደ። አሜሪካ ግን አልደረሰም። አንድ ሳምንት... አንድ ወር... አራት ወር።

በኡሳን ባሕር ያስቀረው ሰው በሬሳው ፈንታ ትንሽ የሰም መስቀል ይቀበርለታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮራንታን የክርስትና አባት፣ ሽማግሌው ዮዌን፣ መስቀሉን ይዘው መጡ።

"ሶአዚግ፣ ልጃችንን እናሳርፈው" አሉ ቆባቸውን አውልቀው።

"ያልሞተ ሰው አይቀበርም፣ ጋሼ። ደግሞ ይሄ የባሕርተኛ ወግ ነው፤ የኔ ልጅ ባሕርተኛ አይደለም። የጎማ ጀልባ ይዘዋል፣ ጋዜጣው ላይ ፎቶውን አይቻለሁ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ አንስቶት ይሆናል። ይልቅ ግቡና ሾርባ ቅመሱ።"

አብራት የተቀመጠችው ምራቷ፣ የኮራንታን ሚስት ካቴል፣ ባሏ በመነሻው ዋዜማ የጻፈላትን ደብዳቤ ለአሮጊቷ አዝና አራት ወር ደብቃ ነበር። አሁን ግን ከጉያዋ አወጣችው።

"እማማ፣ ጀልባውን አልያዙትም።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ ራሱ" አለችና አነበበችላት። "'ነዳጁ ከበደን። አለቃዬ ምን እናውርድ ቢለኝ፣ ጀልባውን አልኩት። ለእናቴ ምያለሁ፣ ከባሕር ጋር ጉዳይ የለኝም ብዬው ተሳሳቅን። ለእማዬ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።'"

ደስ ይላታል! ወይ አለማወቅ...

"እስቲ ድገሚው" አለች ሶአዚግ። ካቴል ደገመችው። አሮጊቷ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ዳቦውን ከጠረጴዛው አነሳችና ነጭ ጨርቅ አነጠፈች።

"አምጡት፣ ጋሼ። ይሄኛውን ባሕር አልበላብኝም... እኔው ነኝ።"

ሽማግሌው የሰም መስቀሉን በነጩ ጨርቅ ላይ አኖሩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ግን እስቲ ፍረዱ፣ እናንተ እናቶች፦ ሦስት ሰው ባሕር የበላባችሁ ብትሆኑ፣ የቀረውን አንዱን ሳታስምሉ ታሳድጉት ነበር?