ሦስተኛው ቀይ መብራት

«የጭላሎ ምህዋር ጣቢያ ክቡራን ነዋሪዎች ሆይ! ባላችሁበት ቁሙ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በክፍል አሥራ አራት ነዋሪ በሆኑት በወይዘሮ ትርንጎ ደርበው ደረት ላይ የአንድ ጠብታ መቶኛ የሚያህል የአልኮል ትነት ተገኝቷል። ጣቢያችን ይህን ፈተና በአንድነትና በጽናት እንደሚሻገረው አንጠራጠርም። እናመሰግናለን፤ መቀመጥ ይቻላል።»

ሦስት ሺህ ሰው ተቀመጠ። ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ጺሙን እንደተላጨ ቆሞ የነበረው ሰውዬም ተቀመጠና ሌላውን ግማሽ አስቀጠለ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በሳምንት ሦስት አራቴ ይሰማል።

ትርንጎ ግን አልተቀመጠችም። ይህ ሦስተኛዋ ነበር።

ጡት-ዘብ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መሣሪያ ናት። የምታጠባ እናት ደረት ላይ ትለጠፍና የላቧንና የወተቷን ትነት እያሸተተች፣ እናቲቱ መጠጥ ቀምሳ እንደሆነ ትናገራለች። አረንጓዴ ከበራ ማጥባት ይቻላል፤ ቀይ ከበራ አይቻልም። ሦስት ጊዜ ቀይ ከበራ ደግሞ ልጁ ለስድስት ወር ወደ ጡጦ ክፍል ይገባል። እዚያ የብረት ክንዶች በሰዓቱ ያጠቡታል፣ በሰዓቱ ያስገሱታል፣ በሰዓቱም እሹሩሩ ይሉታል።

የሚያናድደው፣ ትርንጎ ካረገዘች ጀምሮ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። ጎረቤቷ ወይዘሮ አመለወርቅ ገና በአራስነቷ ጠላ በጆግ ይዘው መጥተው፣ «ጠጪ እንጂ! ወተት ያግተለትልልሻል። እኔ አምስቱንም በጠላ ነው ያሳደግኳቸው» ብለዋት ነበር።

«አምስቱንም እያየኋቸው ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ትርንጎ። «ደሜ ውስጥ የገባ ወተቴ ውስጥም ይገባል። ልጄ ጡት እስክትተው ይቆየኝ።»

እንዲህ ብላ ጎረቤት ያስቀየመች ሴት ነች እንግዲህ አሁን በድምፅ ማጉያ ጠጪ የተባለችው።

የጨቅላዎች ዕድገት ሹም አቶ ጥጋቡ ቢሯቸው አስጠሯት። አቶ ጥጋቡ ሚስት አግብተው፣ ልጅ አቅፈው፣ ጠላ ቀምሰው አያውቁም፤ ስለ ሦስቱም ግን መመሪያ ጽፈዋል። የልጅቷን ካርድ አነበቡላት።

«ሕፃን ምህዋር። ዕድሜ፦ ሰባ ዘጠኝ ቀን። ፈገግታ፦ የለም። የዕድገት ነጥብ፦ ሠላሳ ስምንት። ምክንያት፦ ወተት ውስጥ ያለ መጠጥ።»

«ቀይ የበራው ከትናንት ወዲያ ነው የጀመረው፣ አቶ ጥጋቡ። የሦስት ቀን መብራት የሰባ ዘጠኝ ቀን ፈገግታ ያስቀራል?»

«መሣሪያ አይዋሽም።»

«እሷም ብትሆን ፈገግ ያላለችው የምታየውን እያየች ነው።»

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ልጅቷን ይዘው አዳራሽ ይቅረቡ» አሉና ካርዱን አጠፉ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀልዱ አፏ ላይ ደረቀ። ነገ ሰማኒያ ቀን ይሞላል፤ የምህዋር ክርስትና ነው። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አየቻት። ምህዋር እንደ ዳኛ አፍጥጣ አየቻት። እውነትም ፈገግ ብላ አታውቅም። ሳላውቅ የበላሁት ነገር ቢኖርስ? የዳቦው እርሾ? የበሰለው ሙዝ? እናት ራሷን መክሰስ ስትጀምር ጡት-ዘብ ምን ያደርግላታል!

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ የምታውቀውን ሥራ ጀመረች። ትርንጎ አየር ፈላጊ ናት። አነፍናፊ የሚባል፣ የጭልፋ እጀታ የሚያህል መሣሪያ ይዛ የጣቢያውን ግድግዳ እየዳሰሰች አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትፈልጋለች። አነፍናፊውን ከአየር ወደ አልኮል አዞረችው። ወተቷን አሸተተ፦ ዜሮ። ላቧን፦ ዜሮ። የልጅቷን አፍ፦ ዜሮ። መጋረጃውን፣ አንቀልባውን፣ ሙዙን፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ቤቱ ውስጥ ምንም የለም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ነገር አለ፤ ሦስቱም ቀይ የበራው ጠዋት ስለሆነ የሚገባውም ጠዋት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገባ። አባቷ ነበሩ፤ አባባ ደርበው፣ የውሃ ማጣሪያው ክፍል ጡረተኛ። ወደ ጣቢያው ሲወጡ «መጠጥ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ» ብለው ፈርመዋል። እንደ ልማዳቸው በልጅ ልጃቸው ላይ ጎንበስ አሉ።

«እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ!» ወደ ትርንጎም ዞሩ፤ «እንትፍ! ወተትሽን ያብዛው!»

ትርንጎ ጡት-ዘቧን በመዳፏ ከልላ ነበር። በሌላ እጇ የያዘችው አነፍናፊ ግን እንደ ቆርቆሮ ጮኸ።

ትርንጎ አነፍናፊውን አጠፋችው።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ስንት ቀንዎ ነው?»

«ከዛሬ ጋር አራት» አሉ ሽማግሌው፣ ጋቢያቸውን እየቆነጠሩ። «ለክርስትናዋ ያዘጋጀኋትን... አረቄ ደርሳ እንደሆነ እየቀመስኩ ነበር። ልጄን በድምፅ ማጉያ ያሰደብኳት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ይህ ከታወቀ በመጀመሪያዋ መንኮራኩር ወደ ምድር እንደሚመልሷቸው ሁለቱም ያውቃሉ። አባባ ደርበው የልጅቷን ጣት ያዙ፣ ለቀቁ።

«ዛሬ አቶ ጥጋቡንም ይመርቁልኛል፣ አባዬ?»

«እንዴት ሆኜ?»

«ጠዋት ጠዋት እንደሚሆኑት ሆነው።»

«እመጣለሁ» አሉና ወጡ።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሁለት የብረት ክንዶች ትንሽ ብርድ ልብስ ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ትርንጎ ልጇን አቅፋ ቆመች።

«መመሪያው ላይ፣ እናት መሣሪያዋን በሌላ ሰው ማስፈተሽ ትችላለች ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት። በእርስዎ ላይ ይፈተሽ።»

አቶ ጥጋቡ በኩራት ደረታቸውን ከፈቱ። ጡት-ዘብ ተለጠፈች፤ አረንጓዴ በራ። «አያችሁ!» አሉ።

አባባ ደርበው ከኋላ ወንበር ተነሱ። «የልጅ ልጄን የምትጠብቅልኝ ሰው ነህና ልመርቅህ፣ ልጄ።»

አቶ ጥጋቡ መመሪያ ቢበዛባቸውም በደንብ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ቆሞ መከራከር አያውቁም። አንገታቸውን ደፉ።

«እንትፍ! ወንበርህን ያጽናልህ! እንትፍ! ከክፉ ይሰውርህ! እንትፍ! ልጅ ይስጥህ!»

ቀይ። ቀይ። ቀይ።

«ክቡራን ነዋሪዎች ሆይ! ባላችሁበት ቁሙ» አለ ድምፅ ማጉያው። «በእናት ጥጋቡ ኃይሉ ደረት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጠጥ ተገኝቷል። እናት ጥጋቡ ከማጥባት ለስድስት ወር ታግደዋል።»

የብረት ክንዶቹ የእናት ጥጋቡን ልጅ ፈለጉ፤ አጡ። ስለዚህ እናቲቱን ራሳቸውን በብብታቸው አንስተው ጠቀለሏቸው፣ ጡጦ አጎረሷቸው፣ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ እሹሩሩ አሏቸው። አቶ ጥጋቡ «መመሪያው...!» ሊሉ ሲሉ አገሱ።

ያኔ ምህዋር ከእናቷ እቅፍ ዞር አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ባዶ ድዷ እስኪታይ ድረስ ፈገግ አለች። ፈገግታው አልበቃት ብሎ ድምፅ አወጣች።

«ሳቀች!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አመለወርቅ። «ነጥቧን ጻፉ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ትርንጎ ደረቷ በእንባ እስኪርስ አለቀሰች፤ ጡት-ዘቧን ከአቶ ጥጋቡ ደረት ላይ ነቅላ ጠረገችና እንባዋን አስሸተተቻት። አረንጓዴ።

ልጅቷን ቤቷ ይዛ ሄደች። ሦስቱ ቀይ መብራቶች ተሰረዙ። ጡት-ዘብም ከዚያን ቀን ወዲህ የምታየውን ለእናቲቱ ጆሮ ብቻ ታንሾካሹካለች። ትርንጎ በበኩሏ በሯ ላይ የራሷን መመሪያ ለጠፈች፦ መጠጥ የቀመሰ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በደረቁ ይመርቅ። የመሣሪያ ብልሽት ቅጹ ላይ «ሙቀት»፣ «እርጥበት»፣ «ጨረር» ከሚሉት ምክንያቶች ሥር አራተኛ ሳጥን ተጨመረ፦ «ምርቃት»። አባባ ደርበውን ወደ ምድር እንመልስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የደገፈው ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን መሐንዲሶቹን እንቅልፍ ነሳቸው። ጭላሎ ላይ ትንፋሽ ይቆጠራል። ውሃ ሲጠጣም ሲሸናም ይመዘናል። ስኳር በቅንጣት ይታደላል፤ እሳት ጨርሶ ክልክል ነው። የሰው ልጅ ሰማይ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አሥራ ሁለት ሺህ ገጽ ዝርዝር ተጽፏል፤ ጠላ እዚያ ውስጥ በልክ ሰፍሯል፤ አረቄ ግን የለም፣ ሆኖም ጣቢያው ላይ ተገኝቷል።

አቶ ጥጋቡ ጺማቸው ላይ የደረቀውን ወተት እየጠረጉ የክርስትናው ድግስ ላይ መጡና ከሽማግሌው ጎን ተቀመጡ።

«አባባ፣ ማንም አይቀጣዎትም። ለእውቀት ያህል ይንገሩን። የት ጠነሰሱት? በምን አወጡት?»

አባባ ደርበው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ሦስት እርምጃ ርቃ የተኛችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ።

«አልናገርም» አሉ።