እጅ የሚያይ መርፌ

ፀደይ ማዞሪያውን እስከ ጥጉ አዞረችው። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

መልሳ አዞረችው። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው የመቀበያው መርፌ እንደ ቆመ ቀረ። ትናንት እኮ አብሯት የሚሠራው ኪሩ ሲያዞረው ሰተት ብሎ ወርዶ ነበር! በትምህርት ቤቱ ውድድር ቀንም እንዲሁ ወርዶ፣ መምህር ቢያዝን ከወንበራቸው ተነሥተው አጨብጭበውላቸዋል። አንደኛ የወጡት በዚህ መርፌ ነው። ሰኞ የዞኑ ዳኞች ይመጣሉ፤ እዚያ ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል።

ዛሬ የተለየ ነገር ቢኖር አንድ ነው። የማዞሪያው ቆብ ትናንት ማታ ስለተሰበረ፣ ዘንጉ ላይ ረጅም የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክታ ነበር የምታዞረው።

ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ነው። ትንሿ ማሠራጫ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ታወጣለች። ሞገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቀጥታ ይሄዳል፣ ሌላው በጥቅል ሽቦና ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ካፓሲተር ውስጥ አልፎ ጥቂት ይዘገያል። መምህር ቢያዝን ያስረዷቸው በዥዋዥዌ ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ከገፉት ከፍ ይላል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ግን ይቆማል። ማዞሪያው ሁለተኛውን ሞገድ በደንብ ካዘገየው ሁለቱ ይጠፋፋሉ፣ መርፌውም ይወርዳል።

ፀደይ ቀፎውን ነቀለችና ዘንጉን በጣቷ ልታዞር እጇን ሰደደች። ገና ሳትነካው መርፌው ወደቀ።

እጇን መለሰች። መርፌው ተነሣ። እንደገና አስጠጋች፤ ወደቀ።

ረጅሙ ቀፎ እጇን አርቆት ኖሯል። ሞገዱ እንዲህ ሲፈጥን የሰው እጅ ራሱ እንደ ካፓሲተር እንደሚሆን አንብባለች። ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ ገለበጠችው። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ካፓሲተር፣ ከሥር አንድ እግሩ ከብየዳው ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። እንዴት አላየችውም? ሥራ የተከፋፈሉት ገና ከመጀመሪያው ነበር፤ ኪሩ ያዞራል፣ እሷ ማዶ ቆማ የመርፌውን ቁጥር ትጠራለች። አንድም ቀን ቦታ ተለዋውጠው አያውቁም።

የመበየጃውን ካውያ አሙቃ እግሩን በየደችው። ቀፎውን ሰክታ አዞረች። ምንም። ጥቅሉን ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። መርፌው ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።

በሩ ተከፈተ። ኪሩ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ አባቱን አያ አድማሴን አስከትሎ ገባ። ሰውየው ከደባት ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው ረጥቧል።

«ማሽንህን ካላየሁ አልመለስም ብሎ ነው» አለ ኪሩ እየሳቀ። «እየው አባዬ!» ቀፎውን ነቅሎ እጁን ወደ ዘንጉ ሰደደ። መርፌው ወደቀ።

«ሸጋ! ሸጋ ነው እናንተ!» አያ አድማሴ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ጃኬቱንም የሰኞ ለት እንዲለብሰው ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ፀደይ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ደክሞኝ ነው፣ አያ አድማሴ።»

«አይዞሽ፤ ይኼን የሠራ ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል?» ብለው ደጅ ሊጠብቁ ወጡ።

ፀደይ ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቀች። «ካፓሲተሩ ተነቅሎ ነበር» አለች። «መርፌውን የሚያወርደው እጅህ ነው።»

ኪሩ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። «አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ከትምህርት ቤቱ ውድድር በፊት ነው ያወቅኩት። አታካብጂው እንግዲህ። ዳኞቹ መርፌውን ነው የሚያዩት፤ ሥሩን ገልብጦ የሚያይ የለም።»

«አበቡን የበለጥናት በእጅህ ነዋ!»

አበቡ ሁለተኛ የወጣችው በውኃ ማጣሪያዋ ነበር፤ ማሰሮውን ወለቃ መንደር ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሆና ነው የሠራችው። የደፈረሰ የወንዝ ውኃ አጣርታ፣ በሁሉም ፊት ራሷ ጠጥታዋለች።

«የሷ ጭቃ ውኃ ያጣራል፣ የኛ ሞገድ ያዘገያል። ምን አገናኛቸው?»

«የኛ ምንም አያዘገይም፣ ኪሩ።»

ሳቁ ጠፋ። «ፀዲ፣ አባቴን አይተሽዋል አይደል? አሁን ወጥቼ ምን ልበለው?»

ፀደይ ወደ መርፌው ዞረች። ያን ሁሉ ቀን ማዶ ቆማ ስትጠራው የከረመችው ቁጥር የእጁ ርቀት ነበር። በሕይወቷ አንድ ነገር በደንብ ገባኝ ብላ የተደሰተችው በዚህ ነበር፤ እሱም እውነት አልነበረም። እስከ ሰኞ ሌላ መሥራት አይቻልም። የቀረው የሚሠራ ነገርም የኪሩ እጅ ብቻ ነው።

ከመሳቢያው ማጣበቂያ አወጣች። የቀፎውን ጫፍ ቀብታ ዘንጉ ላይ ሰካችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰኞ የሚያዞረው ሰው እጁ እንዳይቀርብ ነው።»

«መርፌው አይወርድማ!»

«አይወርድም።»

ኪሩ አተኩሮ አያት። «ዳኞቹ ፊት ብቻሽን ቁሚ በቃ» አለና በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ።

በመስኮቱ አየቻቸው። አያ አድማሴ ከተጠለሉበት ወጥተው የልጃቸውን ትከሻ በመዳፋቸው ጠረጉለት፤ ጃኬቱ እንዳይረጥብ ጋቢያቸውን ገልጠው አለበሱት። አንድ ነገር ጠየቁት። ኪሩ አንገቱን ደፋ።

ፀደይ ፊቷን መለሰች። ማዶ መርፌው ቀጥ እንዳለ ነው። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ ቀፎውን አልለቀቀችውም።