የወይራው ነንቻኩ

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ሸዋሮቢት ወዳለው የውሹ ስፖርት ማሰልጠኛ ስትደርስ የቆርቆሮው አዳራሽ ገና በጠዋቱ ይፋጃል። የሃያ ዓመቱ ቢላል መሐል ወለሉ ላይ ሞቶ ተዘርግቷል። ከጎኑ በደም የተለወሰ ነንቻኩ ወድቋል፤ ሁለት አጫጭር የወይራ ዱላዎች በጠፍር ተያይዘው በእጅ የተሠራ የልምምድ መሣሪያ።

«የማን ነው?» አለች።

«የኢብሮ ነው» አለ አሰልጣኙ ማስተር ደረጄ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ። «የተገዛ ያዝ፣ በዚህ እንጨት ክለቤን አታሰድብ ብዬው ነበር። ትናንት ከቢላል ጋር ተጣልተዋል። እኔ ስመጣ ሞቶ ነው ያገኘሁት።»

ከሠልጣኞቹ መሐል የቆመው ኢብሮ አንገቱን ደፋ። «እንጨት ለቃሚ ስላለኝ ተጣላን። ነንቻኩዬን ግን እዚሁ ሰቅዬ ነው የሄድኩት። ወላሂ አልነካሁትም!»

«አንቺስ?» አለቻት ሌላዋን ሠልጣኝ፣ ሳምራዊትን።

«ማልጄ ስመጣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰው ሲያቃስት ሰማሁ። ልምምድ መስሎኝ ተመለስኩ» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ሰርክአዲስ ጎንበስ ብላ የቢላልን ጆሮ ግንድ አየች። ቁስሉ ጠባብና ጥልቅ ነው። ከዚያ ግድግዳውን ዞረች፤ አንዱ ቆርቆሮ በቅርቡ ሰርጉዷል።

«ማስተር፣ የእርስዎ ነንቻኩ የት አለ?»

«ቤት ረስቼው መጣሁ።»

የቢላልን እናት እትዬ ነዒማን አስጠርታ ሁሉንም በአንድነት አስቀመጠች።

«ነንቻኩ ሲመታ አንደኛው ዱላ መዳፍ ውስጥ ስለሆነ ደም አይነካውም» አለች። «እዚህ ላይ ግን ሁለቱም ዱላዎች ዙሪያቸውን ደም በደም ናቸው። ሰው ሆን ብሎ ቀብቷቸዋል። ቁስሉ የብረት ነው፤ ይህ ደግሞ ብረት የሚባል የለውም። የተገዛው ግን ሰንሰለቱን የሚይዝ ብረት አለው። ዱላው ተነቅሎ በርሮ ልጁን መታው፤ ነጥሮም ቆርቆሮውን። ማስተር፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያን ቦርሳ ከእጅዎ አላወረዱም። ይክፈቱት።»

ውስጡ ሰንሰለቱ የተነቀለ ነንቻኩ ነበር። የአንዱ ዱላ ብረት ደም ደርቆበታል።

«ስልት ሳሳየው እጄ ላይ ተነቀለ» አለ ደረጄ። «የተገዛው አስተማማኝ ነው እያልኩ በኢብሮ ስቀልድ የኖርኩ ሰው... አፈርኩ።»

«አፍረው በሩን ቀረቀሩ» አለች ሰርክአዲስ። «መሣሪያ ሲቀይሩ ልጁ ያቃስት ነበር። ሳምራዊት ሰምታዋለች። ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

እትዬ ነዒማ ቀና አለች። «ልጄ ጠርቶህ ነበር?»

«ውሃ ብሎኝ ነበር» አለ ደረጄ፣ ወለሉን እያየ።

ሳምራዊት ከተቀመጠችበት ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ ነዒማ ሻርፗን አጠባብቃ ቆመች። «ኢብሮ፣ ና ልጄ፤ የወንድምህን ጀናዛ ተሸከም።»

ደረጄም ሊያግዝ ብድግ አለ።

«አንተ ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ።