የግልገሎቹ ዱቄት

መንግሥቴ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ የተገኘው በአሳማ መኖ መቀላቀያ ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱን ሙሉ የሚሸፍነው ማስክ ፊቱ ላይ አለ፤ ማሽኑም ገና ይዞራል። የሚኖርበት የሬኒየር ቫሊ ሰፈር ጎረቤቶቹ ግን መንግሥቴን የሚያውቁት ኤቨረት ከተማ ፋብሪካ ውስጥ አውሮፕላን ይገጣጥማል ብለው ነው። ኤቨረት በሰሜን ነው፣ ይህ የአሳማ እርባታ ደግሞ በደቡብ፣ ኦበርን አጠገብ። ሰውየው በየማለዳው መኪናውን ወደ ደቡብ ሲያዞር ሁሉም ያየዋል፤ አንድም የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከብረት የምትባለው የካውንቲው፣ ማለት የአውራጃው፣ መርማሪ አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ማስኩን በጓንት አነሣችው። ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ስለጠበቀ በሟቹ ሰፊ ራስ ላይ አልገባም፤ ጆሮው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። የማስኩ ውስጥ ንጹሕ ነው። ጢሙ ግን በዱቄት ነጥቷል።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?» አለች ኃላፊውን ክፍሎምን።

«ኢንዛይም ነው፣ እህቴ። ግልገሎቹ ጡት እንደጣሉ ገብስና አኩሪ አተር ሆዳቸው አይፈጭላቸውም። ስለዚህ መኖው ላይ ይሄን እንጨምራለን። አለበለዚያ ያስቀምጣቸዋል።»

«ለሰውስ?»

«አንዳንድ ሰው ደረቱ አይችለውም። መንግሥቴ ትንፋሹ እየተዘጋ ሲቸገር ሙሉውን ማስክ ለእሱ ብቻ ሰጠነው። እርባታው ውስጥ እንዲህ ያለ ማስክ ያለው አንድ ብቻ ነው።»

«ዛሬ የጮኽክበት አንተ ነህ ይባላል።»

ክፍሎም አንገቱን ደፋ። «ከውጭ ሆኜ ‹ግልገሎቹ ራባቸው፣ ቶሎ በል› አልኩት። አላየሁትም። ገብስ እያራገፍን ነበር።»

ገብሱን ያመጡት አቶ ፍስሐ ትራካቸው አጠገብ ቆመዋል።

«ጋሽ ፍስሐ፣ ምን አዩ?»

«ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ከገብስ ማከማቻው ኋላ ማስክ ያደረገ ሰው ቆሟል። እጄን አነሣሁለት፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ሰላምታ የማያውቅ ፈረንጅ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ሬኒየር ቫሊ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ግን እርስዎ ፖም ነው የሚጭኑት ይባላል።»

«ፖምም እጭናለሁ፣ አልፎ አልፎ» አሉ ጫማቸውን እያዩ።

ሦስተኛው የተጠየቀው የእርባታው ሠራተኛ በዛብህ ነው፤ ቀጭን፣ ራሱ ትንሽ፣ የአቶ ፍስሐን ልጅ አይዳን ያጨ።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«አጥር ስጠግን።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ከብረት አጥሩን ዞራ አየችው። አዲስ ሚስማር የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምሳ መብያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሟች ሚስት ውብአየሁም መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ጢሙ ዱቄት ሆኖ የማስኩ ውስጥ ንጹሕ ከሆነ፣ ማስኩ የተደረገለት ከወደቀ በኋላ ነው» አለች ከብረት። «እሱ ውስጥ ሲያስል፣ ማስኩ ውጭ በሌላ ሰው ፊት ላይ ነበር። ክፍሎም እንዳይባል፣ ከጋሽ ፍስሐ ጋር ገብስ እያራገፈ ነበር። ደግሞም የእሱ ራስ ከመንግሥቴም ራስ ይሰፋል።»

ክፍሎም ሳያስበው ራሱን ዳሰሰ።

«ማሰሪያውን ያን ያህል ያጠበቀው ትንሽ ራስ ያለው ሰው ነው። የቸገረኝ ምክንያቱ ነበር። መኖ ከማይቀላቀልበት ቦታ ቆሞ ማስክ ምን ያደርግለታል? ፊት ይሸፍንለታል። ከማን? ትራክ ይዘው ከመጡት ሰው። እዚህ ከጋሽ ፍስሐ የሚደበቅ ማን ነው?»

በዛብህ ቀና አላለም። «ሌላ ሹፌር ነበር የሚመጣው። እዚህ መሥራቴን አያውቁም፤ እሳቸውን ሳይ መንግሥቴን ‹ለአንድ አፍታ አውሰኝ› አልኩት። አማችህ ናቸው ብሎ ሳቀብኝና አውልቆ ሰጠኝ። ‹እስክመለስ ዱቄቱን እንዳትነካ› ብዬው ነበር።»

«ከዚያ እኔ ጮኽኩበት» አለ ክፍሎም ቀስ ብሎ።

«ስመለስ ትንፋሹ የለም። ማስኩን መልሼ ፊቱ ላይ አደረግኩት።»

ውብአየሁ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። አውሮፕላን እንደዚያ ይሸታል? እንዳያፍርብኝ ብዬ ዝም አልኩት።» ወደ በዛብህ ዞረች። «አሁን ቤቴ ለቀስተኛ ሞልቷል። ከአውሮፕላን ላይ ወድቆ ነው ይላሉ። የት እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ አንተ ንገርልኝ። ከዚያ ይውሰዱህ።»

ከብረት ጥቂት አሰበችና ሁሉንም በራሷ መኪና ይዛ ወደ ሬኒየር ቫሊ ነዳች።

በዛብህ የለቅሶው ቤት ሳሎን መሐል ቆመ። «መንግሥቴ የሞተው አሳማ ቤት ነው። እኔም የምሠራው እዚያ ነው። ፊቴን ልደብቅ ማስኩን ወሰድኩበት።»

ከለቀስተኞቹ መሐል አይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ውብአየሁ አቶ ፍስሐን ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሰው ሁሉ የሚናገሩ መስሎት ጠበቀ።

«ትራኬ መንገድ ዘግቷል» አሉና ወጡ።

ትራካቸው ኦበርን እንደቆመ ነበር።